ለካምባ እንግዶች ቃል የተገባው ዓሣ

ሐይቅ ያለበት ከተማ ሁሉ፣ ዓሣው የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው አለው። ዓሣ የሚይዝ አላልኩም። የሚይዙት ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ብዙ አያወሩም፣ መረባቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሚያውቀው ሰው ግን ዳር ላይ ቆሞ ነፋሱን ያሸታል፣ ውሃውን በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፣ ከዚያም ትናንት መምጣት እንደነበረባችሁ ይነግራችኋል። ይህን ሰው ሐዋሳ አግኝቼዋለሁ፤ ዝዋይም አግኝቼዋለሁ። አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅ ስላላት የኛው ሰውዬ እውቀት እጥፍ ነው፤ የኔም መከራ እንደዚያው።

ስማቸው ጋሽ ዳልጮ ነው። ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ለኔ የአጥር ጎረቤት፣ በገዛ ራሳቸው ሹመት ደግሞ የአባያና የጫሞ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው። ትውልዳቸው ከሐይቆቹ በላይ ተራራው ላይ ያለው ጨንቻ ነው። ጨንቻ ጭጋግ እንጂ ሐይቅ የለውም፤ አባታቸውም ሸማኔ ነበሩ። ይህን አንድ ቀን ባነሳባቸው፣ «ሐይቅን የሚያውቃት ከላይ ሆኖ ያያት ነው። እናንተ ዳሯን ብቻ ነው ያያችሁት» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ሐይቅ ዳር ተቀምጫለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ያየሁትን በትክክል ልናገር፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያወጡት አንድ የግራ እግር ጫማ፣ አንድ የተቀደደ መረብና የሌላ ሰው መንጠቆ ነው። ዓሣ አላወጡም።

ይህ ግን እምነታቸውን ነቅንቆት አያውቅም። «ዓሣው አለ» ይላሉ። ዓሣው አለ፤ ችግሩ ጨረቃዋ ናት። ዓሣው አለ፤ ችግሩ የጀልባ ሞተር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ እኔ ነኝ። «አንተ መምህር፣ ጥላህ ውሃ ላይ ወደቀ። ዓሣዋ ደንግጣ ሄደች» ይሉኛል። ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን ሳይቀር የኔ ጥላ ይወድቃል።

አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አላቸው። ድሮ በመኪና ያመላለሱት ፈረንጅ ትቶላቸው የሄደ ነው። ውስጡ የውሸት ዓሦች ናቸው፤ ከፕላስቲክና ከብረት የተሠሩ፣ ዓይን የተሳለላቸው፣ ሆዳቸው ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። ትልቁ ዓሣ እውነተኛ መስሎት ይውጣቸዋል ነው ነገሩ። ጋሽ ዳልጮ አንዱን ለመምረጥ አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። መርጠው ሲያበቁ ደግሞ የፈረንጁን ሥራ አያምኑትም፤ ጋሞዎች በበዓል ከሚለብሱት ዱንጉዛ የተመዘዘ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ክር ጅራቱ ላይ ያስሩበታል። «የጋሞ ዓሣ የሀገሩን ልብስ ያውቃል» ይላሉ። የሸማኔ ልጅ ናቸውና ቋጠሮው ያምራል። የሚያየው ዓሣ ብቻ ነው የጠፋው።

ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር። ዘንድሮ ግን ልጃቸው ሜሮን ታጨች። የእጮኛዋ አባት አቶ ዕዝራ ከካምባ መጡ፤ ነጋዴ ናቸው፣ የአድቬንቲስት ምእመን፣ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው ተመዝኖ ነው። ጋሽ ዳልጮ ስለ ዓሣ አንድ ሰዓት ካወሩላቸው በኋላ አቶ ዕዝራ ቀስ ብለው፣ «ሰው የሚታወቀው ባወራው ሳይሆን በጠበቀው ቃል ነው» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ዝም ይል ነበር። ጋሽ ዳልጮ ግን ብድግ አሉና፣ «እንግዲያው በሚቀጥለው እሑድ፣ በገዛ እጄ ያጠመድኳትን ነጭ ዓሣ እዚህ ገበታ ላይ ትበላላችሁ» አሉ። ነጭ ዓሣ ማለት ከሐይቆቻችን ዓሦች ሁሉ ትልቁና የተከበረው ነው። በለፈለፉ በአፍ ይጠፉ ማለት ይኸው ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሜሮን አጥር ዘልላ መጣች። አስተምሬያታለሁ፤ በፈተና ቀን እንኳ እንዲህ ገርጥታ አላየኋትም። «መምህር፣ አባቴን ያውቁታል» አለችኝ። «ጋሽ ዕዝራ ደግሞ ‹ቃሉን ከማይጠብቅ ቤት ልጄን አላጋባም› ብለው ለዘመድ ተናግረዋል። እባክዎ፣ ካልሆነ ከገበያ ገዝታችሁ ኑ።»

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ጫሞ ላይ ጋሽ ዳልጮ የሚያውቋት አንዲት ዳር ነበረች፤ ሐይቁ ሞልቶ ውጧታል። ስለዚህ በባጃጅ ወደ ጫኖ፣ ከሙዝ ማሳዎቹ ማዶ ወዳለው የአባያ ዳር ሄድን። እዚያ ጋ ከዚያ በፊት ረግጠን አናውቅም። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፤ ውስጡ ያለ ዓሣ የገዛ ጅራቱን የሚያይ አይመስለኝም።

«ጋሽ ዳልጮ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ ቀለም ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«አንተ በመጽሐፍ ነው የምታየው» አሉኝ፣ የዱንጉዛ ክራቸውን እያሰሩ። «ዓሣዋ ግን በልብ ነው የምታየው።»

ሐሙስ የሚያብለጨልጨውን ብረት ወረወሩ። የዛፍ ሥር ያዘ፤ ሥሩ አሸነፈ። ዓርብ አረንጓዴውን ፕላስቲክ ወረወሩ። እሱን ስንጠብቅ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አዞ ብቅ አለና ሁለታችንም ሮጠን የሙዝ ማሳ ውስጥ ገባን። ጋሽ ዳልጮ ትንፋሻቸው ሳይመለስ፣ «አየህ? ዓሣው ባይኖር አዞው ምን ሊሠራ ይመጣል?» አሉኝ። ይህን እንኳ ማስተባበል አልቻልኩም። ስንመለስ አንድ የጫኖ አጥማጅ ክንዱን የሚያህል ነጭ ዓሣ አንጠልጥሎ አገኘን፤ ውሰዱት አለን። ጋሽ ዳልጮ አመስግነው አለፉ። «በገዛ እጄ ብያለሁ» አሉ።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። ጋሽ ዳልጮ ሳጥኑን ከፈቱና ሳይመርጡ እጃቸው የገባውን አወጡ፤ የዱንጉዛውን ክር ብቻ እንደ ልማዳቸው አሰሩበት። ነፋሱን አላሸተቱም። ወረወሩና የማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች፣ ከረረች። ስለ ጥላዬ ምንም አላሉኝም።

«መምህር» አሉ በመጨረሻ፣ «ዓሣው ባይኖርስ?»

ዘጠኝ ዓመት ይህችን ጥያቄ እንዲጠይቁ ስጠብቅ ነበር። ሲጠይቁ ግን ደስ አላለኝም። እዚህ ከተማ ማንንም ሳላውቅ ተመድቤ ስመጣ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሬን ያንኳኩት እኚህ ሰው ነበሩ። «ዓሣ ታውቃለህ?» አሉኝ፤ አላውቅም አልኳቸው፤ «ጥሩ ነው፣ ና» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የዋልኩበት ቅዳሜ የለም። «ይኖራል፣ ጋሽ ዳልጮ» አልኳቸው፤ ሳላምንበት።

ያኔ ዘንጉ ጎበጠ።

ስለ ትግሉ ብዙ አልልም። እኔ ወገባቸውን ይዤ ነበር፤ እሳቸው በጋሞኛ ይጸልዩ ነበር። በመጨረሻ ጭቃው ላይ የወጣው ረጅም ጢም ያለው፣ ቆዳው ልሙጥ የሆነ አምባዛ ነበር። አምባዛ በማሽተት የሚያድን ዓሣ ነው። የዱንጉዛው ክር ደግሞ ጋሽ ዳልጮ ኪስ ውስጥ ከቋንጣ ጋር የከረመ ነው። ይህን ሳይንስ በሆዴ ይዤ እሳቸውን አየሁ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ቅርፊት የለውም» አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ መጽሐፉን ያውቁታል። አድቬንቲስቶች በዘሌዋውያን እንደተጻፈው ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበሉም። እኔም የባሰውን አስታወስኩ፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ የአቶ ዕዝራ ሰንበት። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ዓሣ ያዙ፤ እሱም ሁለት ኃጢአት ይዞ ወጣ።

በመንገድ ላይ የሜሮንን ነገር ነገርኳቸው። ሲቀላ ሰፈር ዓሣ ቤት አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ፣ ማንም አይጠይቅም አልኳቸው። ዓሣ ቤቱ ጋ ስንደርስ ባጃጁን አስቆሙት። ወርደው በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «ስለ ዓሣ ስዋሽ ኖሬአለሁ» አሉ። «የልጄን ትዳር ግን በውሸት አልጀምርም።» አምባዛውን እትዬ ወርቂቱ፣ ባለቤታቸው፣ ለጎረቤት አከፋፈሉት። ሰርጉ እንደቀረ እርግጠኛ ነበርኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። ገበታው ላይ ዶሮ ወጥና ጎመን ነበር። ጋሽ ዳልጮ ቆሙ።

«አቶ ዕዝራ» አሉ፣ «ነጭ ዓሣ ብዬ ነበር፤ አልያዝኩም። የያዝኩት አምባዛ ነው። እሱንም የያዝኩት በሰንበትዎ ቀን ነው። ገበያ ሄጄ ልሸውድዎ እችል ነበር። ቃሌን አልጠበቅሁም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጄ አይደለም።»

ሜሮን ግድግዳውን ታይ ነበር። አቶ ዕዝራ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ወንበራቸውን ወደ ገበታው አስጠጉ።

«እንብላ» አሉ። «ስንጨርስ የሰርጉን ቀን እንቆርጣለን።»

እትዬ ወርቂቱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲያለቅሱ ይሰማን ነበር። ዶሮው ተበላ፣ ቀኑም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አቶ ዕዝራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ለመሆኑ ያ አምባዛ ምን ያህል ነበር?» አሉ።

ጋሽ ዳልጮ ሁለት እጃቸውን አነሡና ለኩት። በዓይኔ ያየሁት ልክ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ አጥሯል። አቶ ዕዝራ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዳልጮ እንደ ልማዴ እንዳርማቸው እየጠበቁ ወደኔ ዞሩ።

«ኧረ ጋሽ ዳልጮ፣ አሳነሱት» አልኩና ተነሥቼ፣ ሁለት እጃቸውን ይዤ አንድ ክንድ ያህል አራራቅኋቸው።