አምስት ደቂቃ የቆረጠው ፊዚክስ

እኛ ጋ አንድ ሰው «ደርሶኛል» ካለ በእርግጥ ደርሶታል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። መጀመሪያ ላኪው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ላኪው ዘመድ ወይም የሚከበር ሰው ከሆነ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቢቀርም፣ ቢፈስም፣ ቢበላም «ደርሷል» ነው የሚባለው። አምና ሰላ ድንጋይ ያለው አጎቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባቄላ በአውቶቡስ ላከልን። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄደን ስንቀበለው ማዳበሪያው ከታች ተቀዷል፣ ግማሹ የለም። አባቴ ስልኩን አንስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን! ምነው ይህን ሁሉ አበዛኸው!» አጎቴም ደስ አለው። ደስ ስላለውም ዘንድሮ፣ መልሰን በላክንለት በዚያው በተቀደደ ማዳበሪያ ደግሞ ላከልን።

ይህ ይሉኝታ ይባላል። ስድብ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያደግሁበት ነው። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። አትሳቁ፤ ከመካከላችሁ እንደኔ ያለ እንዳለ አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ጉዳቱ ለእግሬ ብቻ ነበር። ይሉኝታ ኮምፒውተር ውስጥም እንደሚገባ ያየሁት ዘንድሮ ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቲቸር ታደለ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር አሉ። ኮምፒውተር ክፍሉንም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በየወረዳው የፊዚክስ መምህር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሲሰሙ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትምህርት ዘጠኙንም ምዕራፍ ራሳቸው እያስተማሩ በቪዲዮ ቀረጹት። ሰሌዳው ፊት ብቻቸውን ቆመው፣ ባዶውን ወንበር «ገባችሁ?» እያሉ። ከዚያም ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፋይል ጠቅልለው ሰርቨሩ ላይ ጫኑት። ሰርቨር ማለት ፋይል ይዞ ተቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ የሚያድል ኮምፒውተር ነው፤ የኛው የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ የቲቸር ታደለ ጠረጴዛ ላይ ነው። አድራሻውን በተማሪዎች ግሩፕ ለቀቁና «ያወረዳችሁ አሳውቁኝ» አሉ።

ምላሹ ጎረፈ። ከአሊዩ አምባ «ደርሶኛል ቲቸር፣ ጀዛከላህ ኸይር»፤ ከሰላ ድንጋይ «ደርሶናል፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን»፤ ከደብረ ሲና የሚያጨበጭቡ እጆች ብቻ። ርዕሰ መምህራችን ጠዋት ሰልፍ ላይ አስጨበጨቡላቸው። አንኮበር ጎረቤላ ያለችው የአክስቴ ልጅ ትዕግሥትም «ደርሶኛል ቲቸር፣ ክብረት ይስጥልኝ» ብላ ጻፈች። ጽፋም ሳትጨርስ ለእኔ ደወለች።

«ሀና፣ ያ ፋይል አንቺ ጋ ወርዷል?»

«አሁን ‹ደርሶኛል› ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሰውየው ጉሮሯቸው እስኪነቃ ለፍተው ‹አልወረደልኝም› ልበላቸው? ደግሞ ኔትወርኩ ነው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ?»

ትዕግሥት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ መምህራቸው ከገና በኋላ ተዛውረው ከሄዱ ወዲህ የተተካ የለም። ለፈተናው የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ስለዚህ ያ ፋይል ለሷ ማጠናከሪያ አይደለም፤ መምህሩ ራሱ ነው። እኔ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ብሆንም ልሞክርላት ብዬ ቤት ሆኜ ከፈትኩት። ጥቂት ሄደና ቆመ። ግሩፑ ላይ ምን ብዬ የጻፍኩ ይመስላችኋል? «ደርሶኛል ቲቸር፣ እናመሰግናለን።» ሳያስፈልገኝ! ሳልጠየቅ!

ከትምህርት ቤት በፍላሽ ገልብጬ በመኪና ልላክላት አልኩ። «ለእኔ ላክሽልኝ፤ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው ነን፣ እነሱስ? የአሊዩ አምባዎቹስ?» አለችኝ።

አህያ በጠፋ ቁጥር ጅብ እንደሚጠረጠር፣ ፋይል በቀረ ቁጥር ኔትወርክ ይጠረጠራል። ትዕግሥት ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጣች፤ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠበቀች። አልሆነም። ስልኩ ሞልቶ ይሆናል ተባለና የእህቷን የሠርግ ፎቶዎች አጠፋች። (እህቷ እስካሁን አላወቀችም፤ አደራችሁን!) አልሆነም። የጎረቤት ስልክ ተለመነ። እሱም አልሆነ። ማውረዱ በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ሀ ብሎ ከመጀመሪያው ነው። ስሟ ትዕግሥት ባይሆን ኖሮ ስልኩን ገደል ትከተው ነበር።

በየሙከራው ሲጀምርም ሲቆምም የስልኩን ስክሪን ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች። ስልሳ አንድ ሜጋ ላይ ቆመ፣ አርባ ስምንት ላይ ቆመ፣ ሰባ ላይ ቆመ። እኔ ቤት ሁለት መቶ ደርሶ ነው የቆመው። ፋይሉ ከአንድ ጊጋ በላይ ነው። ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ በቃ ኔትወርክ ነው ብዬ ልተወው ስል፣ ዐይኔ ፎቶዎቹ ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ ሰዓት ላይ ወደቀ።

ሲጀምር አራት ሰዓት ከአሥር፤ ሲቆም አራት ሰዓት ከሩብ። ሲጀምር አራት ከሃያ ሁለት፤ ሲቆም አራት ከሃያ ሰባት። ሦስተኛውም እንደዚያው። የወረደው መጠን ይለያያል፤ የወሰደው ጊዜ ግን አንድ ነው። እኔም ቤት ደግሜ ሞከርኩና ሰዓት ያዝኩ። አምስት ደቂቃ፣ ቁርጥ! እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኛ ኔትወርክ በሕይወቱ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። ይህን ያህል ሰዓት አክባሪ ከሆነ ኔትወርክ አይደለም። ፋይሉን የሚቆርጠው እዚያው የሚያድለው ሰርቨር ነው።

«በይ ንገሪያቸው» አለችኝ ትዕግሥት።

«አንቺ ንገሪያቸው እንጂ።»

«እኔማ ‹ደርሶኛል› ብያለሁ!»

«እኔስ?»

ሁለታችንም ዝም አልን። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ ፋይልም አይገባም።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቲቸር ታደለ ቀና ብለው «ሀና፣ በሩን ልትገዢው ነው?» አሉኝ። ገባሁ።

«ቲቸር… ፋይሉ አይወርድም።»

«እንዴት አይወርድም? ይኸው!» ጠቅ አደረጉት። ደቂቃ ሳይሞላ ሙሉው ወረደ። እንዴትስ አይወርድ! ሰርቨሩ ክንዳቸው ስር ነው። ምንጩ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ውሃ የለም የሚለው ማነው?» እንደማለት ነው።

«እዚህማ ይወርዳል ቲቸር። ሩቅ ላለ ሰው ግን ልክ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል።»

«ሁሉም ‹ደርሶኛል› ብለው ጽፈዋል እኮ። አንቺ ራስሽ ጽፈሽ የለም?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልተከፈተችም። «ዋሽቼ ነው» አልኩ።

ወደ ሰርቨሩ ዞረው ማን መቼ እንደመጣ፣ ስንት ይዞ እንደሄደ የሚመዘግብበትን ገጽ ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት። ከግቢያችን ውጭ ፋይሉን ሙሉ የወሰደ አንድም ሰው አልነበረም። ሰርቨር ይሉኝታ የለውም፤ ያየውን ይጽፋል።

«አንድም ሰው» አሉ ቀስ ብለው። «ታዲያ ያ ሁሉ ምስጋና የምን ነበር?»

«የልፋትዎ ነው ቲቸር» አልኩ። ይህንን አልዋሸሁም።

ለትንሽ ጊዜ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና ሥራ ጀመሩ። ፋይሉን ለጠያቂ የሚያስረክበው ፕሮግራም ውስጥ አንድ መስመር ተገኘ፤ አንድን ሰው ከሦስት መቶ ሰከንድ በላይ አታስተናግድ ይላል። ሦስት መቶ ሰከንድ ሲመነዘር አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ሰርቨሩን ይዞ ሌላውን እንዳያስቸግር ብለው አምና ራሳቸው የጻፉት፣ ጽፈውም የረሱት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ በአምስት ደቂቃ ካልደረሰ ይመለስ የተባለው ግን እዚህ ብቻ ነው። ጊዜውን ሦስት ሰዓት አደረጉት። ትዕግሥት ጋ ደወልኩና ሞከረች። በአምስት ደቂቃ ቆመ።

ኬላው ሁለት ነበር! የደብረ ሲናን መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ አንዱን ገመድ አልፋችሁ ተመስገን ስትሉ ሌላው ተወጥሮ ይጠብቃችኋል። ከፕሮግራሙ ፊት ለፊት፣ መጪውን ሁሉ በር ላይ የሚቀበል ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ እሱም የራሱ አምስት ደቂቃ ነበረው። የሱንም ጊዜ አራዘሙት። እኔም ድፍረት አንዴ ከመጣ አይቀር ብዬ «ቲቸር፣ በአንድ ላይ ከሚሆን ምዕራፍ ምዕራፍ ብናደርገውስ? ቢቋረጥም የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ነገር እስከዛሬ የት ደብቀሽው ነው?» አሉኝና ፋይሉን ዘጠኝ ቦታ ቆረጡት።

ከዚያ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ያልደረሳችሁ ወይም የጎደለባችሁ ንገሩኝ። ‹ደርሶኛል› የሚል መልስ አልቀበልም።» ግሩፑ ጸጥ አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ ማንም አልተነፈሰ። «ደርሶኛል» ከተከለከለ እኛ ምን እንላለን? በመጨረሻ ከጎረቤላ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ «ቲቸር በጣም ይቅርታ፣ ሁሉም ወርዷል፤ ምዕራፍ ሰባት ግን ድምፅ የለውም።» ትዕግሥት ናት! ይህን ጊዜ ግድቡ ተናደ። «ምዕራፍ ሦስት ላይ ሰሌዳውን በጀርባዎ ከልለውታል።» «ቲቸር አፉ ይበሉኝ፣ ሲያስሉ አንድ ቀመር አልፎኛል።» ቲቸር ታደለ በዚያው ቀን ከሰዓት ምዕራፍ ሰባትን እንደገና ቀረጹ። በጎን ቆመው፣ ሞቅ ያለ ውሃ አጠገባቸው አስቀምጠው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ፈተናው ደረሰ። ትዕግሥት ፊዚክስን ተፈትና ስትወጣ ደወልኩላት።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

አላመንኳትም። «ጥሩ ነበር» የ«ደርሶኛል» ታናሽ እህት ናት። «እሱን ተይውና፣ ስንት ጥያቄ አቃተሽ?» አልኳት።

«አራት» አለች። «እውነቴን ነው፣ አራቱን አላውቃቸውም፤ በግምት ነው የሞላኋቸው። ሌላውን ግን ሀና፣ እየገባኝ ነው የሠራሁት። እየገባኝ!»

ጮህኩ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ዘለልኩ። ግማሽ ዓመት መምህር ያላየች ልጅ፣ አራት ብቻ! እናቴ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች።

«ምን ተገኘ?»

«ትዕግሥት ፊዚክስ አራት ጥያቄ አቃታት!»

«እና ይሄ ያስጨፍራል?»

አስረዳኋት። ሰርቨሩን፣ አምስት ደቂቃውን፣ ሁለቱን ኬላ፣ ስለ ጎደለ ነገር እውነቱን መናገር ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ «እውነትሽን ነው ልጄ» አለች። ከዚያ ስልኩን አንስታ ለአክስቴ ደወለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ እቴ! ልጅሽ አንድም አልሳተችም አሉ!»