አልተስማማኝም

በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ብዙ ሰው ይህ ማስታወቂያ ለገዢ ሁሉ የተጻፈ ይመስለዋል። ተሳስቷል። የተጻፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው ለየሰፈሩና ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ተደርጎ ታድሏል። ጽሑፉን በጥሞና ያነባል፣ ፊደሉ ቆንጆ ከሆነ ያደንቃል፣ ከዚያም የገዛውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ ቁጭ ያደርጋል።

የሰፈሩ ነጋዴዎች «ወይዘሮ መልሱልኝ» የሚሏቸው ሴት የዚህ ነገድ መሪ ናቸው። ሥራቸው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ክብርት ወይዘሮ ዣንጥላ ገዝተው ክረምቱ ካለቀ በኋላ መልሰዋል፤ «ሲዘረጋ ያቃስታል» ብለው። ሐብሐብ ግማሹን በልተው መልሰዋል፤ «ይጣፍጣል ብለኸኝ ነበር፤ እስከ ግማሹ ድረስ ታግሼ ጠበቅኩት» ብለው። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። ረጋ ባለ ድምፅ «አልተስማማኝም» ይላሉ፤ በቃ። ነጋዴው ይለምናል፣ ይምላል፣ ግድግዳውን ያሳያል፣ በመጨረሻ ዕቃውን ይቀበላል። በወጣትነታቸው አንድ እጮኛ ከነቀለበቱ ለእናቱ መልሰዋል ተብሎም ይወራል። የሒሳብ አስተማሪው ባለቤታቸው ስለ ወሬው ሲጠየቁ «እኔም ብሆን ገና በሙከራ ላይ ነኝ» ይላሉ።

ታናሽ እህታቸው ደግሞ፣ የፈጣሪ ቀልድ ሆነና፣ የጫማ መደብር ሻጭ ናት። ቀኑን ሙሉ ጫማ መላሾችን ስትለማመጥ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ከመላሾች ሁሉ አለቃ ጋር ሻይ ትጠጣለች። እሷ ራሷ በዕድሜዋ ምንም መልሳ አታውቅም። ሻዩ ቀዝቅዞ ቢመጣላት «ይሁን»፣ ልብስ ሰፊው እጅጌዋን ቢያሳጥርባት «ይሁን»። «እቴቴ» የምትላቸው ታላቅ እህቷ ዕቃ ይዘው ሱቅ ሲገቡ ውጪ ትቀርና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

ወይዘሮ መልሱልኝ ሃምሳን ዘለል እንዳሉ የሚመልሱት ዕቃ በዛ። በመጀመሪያ ብርድ ልብሱን መለሱ፤ ያቃጥላል ብለው። ቀጥለው ትራሱን፣ ከዚያም አየሩን አሙቆ ይመልሰዋል ያሉትን ቬንቲሌተር። መስኮት ተከፍቶ ስለሚያድር አስተማሪው ካፖርት ለብሰው መተኛት ጀመሩ። ዕቃዎቹ ግን ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመት አልፎ ነበር፤ እሳቱ የሚነሳው ከራሳቸው ደረት ነው። ወደ አንገት ይወጣል፣ ፊታቸውን ያቀላዋል፣ ሸሚዛቸውን ያርሰውና እንደ አመጣጡ ይሄዳል። እንቅልፍ ጠፋ። ቃላትም ይሰወሩባቸው ጀመር። ማንኪያ ለማለት «ያ ሾርባ የሚያነሳው» የሚሉበት ቀን መጣ።

ይህን ሁሉ በቀልድ ይዘውት ነበር። አንድ ረፋድ ግን፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ለዓመታት ሲዞሩበት የኖሩት አደባባይ ላይ መውጫው ጠፋባቸው። ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ከኋላቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «የኔ ልጅ፣ ገበያው በቀኝ ነው» አሏቸው፣ ሌላው እንዳይሰማ ቀስ ብለው። ወይዘሮ መልሱልኝ በቀኝ ወጡ፣ ጉዞውን ጨረሱ፣ ተሳፋሪውን አወረዱ፣ አውቶቡሱን አቆሙ። ከዚያ ስምሪት ክፍል ገብተው ቁልፉን በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ምን ጎደለው መኪናው?» አላቸው ኃላፊው፤ ያውቃቸዋላ።

«መኪናው ምንም አልጎደለውም» አሉት።

የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተመደቡ። ሰው አውቶቡስ ውስጥ የረሳውን ጃኬትና ቦርሳ ለባለቤቱ የሚመልሱበት ቦታ ነው። የድርጅቱ ሰው ሁሉ በዚህ ምደባ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ሰሞን እህታቸው መደብር ሄዱ። ከእንግዲህ ተቀምጠው ስለሚውሉ ቀለል ያለ ጫማ ፈልገው ነበር። ታናሽየዋ በርከክ ብላ አጠለቀችላቸው።

«ጠበበሽ እንዴ እቴቴ?»

«ጣቴን ይይዘኛል።»

«ከፍ ያለ ቁጥር ላምጣልሽ፤ ጓዳ አለ።»

«ተይው» አሉ ወይዘሮ መልሱልኝ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ፤ «ይሁን።»

ታናሽየዋ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያ ቃል የሷ ነበር። ለዓመታት ስትለው ኖራለች፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚከብድ ግን ሰምታው አታውቅም። እቴቴ ጠባብ ጫማ ተጫምተው፣ ዋጋውን ሳይከራከሩ ወጥተው ሲሄዱ በመስታወቱ አየቻቸው። በማግስቱ ከአለቃዋ ፈቃድ ጠየቀችና ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ ብዙ የሠራ፣ ብዙ የደከመ ሰው ነው። ንግግራቸውን አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ጨረሰላቸው።

«ማረጥ ነው። ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ሴት ሁሉ ያልፍበታል። ቪታሚን አዝዝልዎታለሁ፤ ሌላው ቻል ማድረግ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮ መልሱልኝና ወጡ።

ተከትላ የወጣችው ታናሽየዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀች። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን በሩን ያንኳኳሉ፣ አሁን ያቺን ቃል ይላሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ቦርሳቸውን ታቅፈው ወደ ደረጃው አመሩ። ያኔ የታናሽየዋ እግር ራሱ ዞረ። ተመልሳ አንኳኳችና ገባች።

«ምነው፣ ዕቃ ረሳችሁ?» አለ ሐኪሙ።

«አልረሳንም፣ ዶክተር። የሰጡን መልስ አልተስማማንም።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ አውቶቡስ ነጂ ናት» አለች፤ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ሳትቆም። «ሰው ጭና ቻል እያደረገች መንዳት አትችልም። የሚረዳት ሕክምና ካለ ይንገሩን። እርስዎ የማይሰጡት ከሆነም የሚሰጠውን ሰው ያሳዩን።»

ሐኪሙ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። አልተቆጣም፤ ምናልባትም እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። «ላይኛው ፎቅ አንዲት ሐኪም አለች» አለ። «የሷ ሥራ ይኸው ነው። እኔ እንደላክኋችሁ ንገሪያት።»

እቴቴ ከደረጃው ተመልሰው በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ፊታቸው ላይ ከብዙ ወራት በኋላ ሳቅ ብቅ ብሏል።

«ድምፅሽ ተንቀጥቅጧል» አሉ። «መጀመሪያ ደግሞ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበረብሽ።»

«ምን ዕቃ አለና?»

«የቪታሚኑን ማዘዣ ነዋ። ግን ለጀማሪ ደህና ነሽ።»

የላይኛዋ ሐኪም አልቸኮለችም። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ጡታቸውን መረመረች፣ የጡት ራጅም አስነሳች፤ በቤተሰብ የጡት ካንሰር ወይም ደም የመርጋት ችግር ያለበት እንዳለ ጠየቀች። የሆርሞን ሕክምና ለሁሉም ሴት እንደማይሆን፣ እሳቸው ላይ ግን የሚከለክል ነገር እንዳላየች ነገረቻቸው። ከዚያ፣ ምን እያለች እንደሆነ ሳታውቅ፣ ወይዘሮ መልሱልኝ ዕድሜ ልካቸውን ከሻጭ አፍ ለመስማት የተመኙትን ተናገረች።

«መጀመሪያ የምሰጥዎት ልክዎ ላይሆን ይችላል። ካልተስማማዎት ይመልሱልኝ፤ ሌላ እንሞክራለን።»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ ወይዘሮ መልሱልኝ።

ደገመችላቸው። ታናሽየዋ ዞር ብላ ስታይ የእቴቴ ጀርባ ቀና ብሏል።

እንግዲህ ክብርት ወይዘሮ ወደ ጥንቱ የመላሽነት ሥራቸው ተመለሱ። መጀመሪያ እንክብል ተሰጣቸው፤ ሙቀቱ ቀነስ አለ፣ ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን ሌላ በሽታ ሆነ። ይዘውት ሄዱ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ «አልተስማማኝም።» ቀጥሎ ሆድ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ታዘዘላቸው። እሱ ደግሞ ቆዳቸውን እንደ ሳማ ይለበልባል፣ ላብ ሲነካው ይላቀቃል። አንድ ቀን ከነጭራሹ ጠፋ። ለካ የባለቤታቸው ሸሚዝ ክርን ላይ ተለጥፎ ኖሮ ሳያውቁ ክፍል ገብተው፣ ስለ ሦስት ማዕዘን ሲያስተምሩ ውለው ተመለሱ። «የሱን ሸሚዝ ተስማምቶታል» አሉ ወይዘሮ መልሱልኝ ለሐኪሟ፤ «እኔን ግን አልተስማማኝም።»

ክንድ ላይ የሚቀባ ጄል መጣ። ቆዳቸው ወደደው፤ መጠኑ ግን አነሰ፣ ማላቡም አልቆመም። መለሱት፤ ተጨመረላቸው። ማሕፀናቸውን እንዲጠብቅ አብሮት የሚወሰደው ሁለተኛው ሆርሞን ደግሞ ሆድ አስባሳቸው፤ የአየር ትንበያ እየሰሙ ያለቅሱ ጀመር። እሱንም መለሱ። በምትኩ ሊተኙ ሲሉ የሚዋጥ፣ እንቅልፍም የሚያመጣ ሌላ ዓይነት ተሰጣቸው።

ታናሽየዋ በእያንዳንዱ ምላሽ አብራ ትሄዳለች፤ በእያንዳንዱም ትሸማቀቃለች። አንድ ቀን አላስቻላትም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች፤ «እህቴ ትንሽ ታስቸግራለች።»

«ማን? እሳቸው?» አለች ሐኪሟ። «የሚያስቸግሩኝ ሌሎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ካልተስማማቸው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉትና ዳግመኛ አላያቸውም። ቤታቸው ተቀምጠው ይሰቃያሉ። እህትሽ ግን ምን እንደማይሆናቸው ጥርት አድርገው ይነግሩኛል። እንዴት ብዬ ልገምት ነበር?»

ወይዘሮ መልሱልኝ መስኮቱን እያዩ ያልሰሙ መሰሉ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል፤ በዚያን ቀን ደግሞ ከሙቀቱ አልነበረም።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም። ቀስ እያለ ሳምንታት ወሰደ። አስተማሪው ካፖርቱን ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀሉት። ቃላቱ እያንዳንዳቸው ወደ ቦታቸው ገቡ። እቴቴ አንድ ጠዋት ተኝተው ፀሐይ ቀደመቻቸውና አስተማሪው ትንፋሻቸውን ለማዳመጥ ጎንበስ አሉ፤ ደንግጠው ነበር። እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ከፍተው «ምን ትፈልጋለህ?» አሏቸው። አስተማሪው ወዲያው ለታናሽየዋ ደወሉ። «ተኛች እኮ» አሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ወይዘሮ መልሱልኝ ጠረጴዛው ላይ ምንም አላስቀመጡም።

«ተስማማኝ» አሉ።

ሐኪሟ ወንበሯን ደገፍ አለችና ፈገግ አለች። ታናሽየዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ሸፈነች።

«ይኼ ወንበራችሁ ግን» አሉ ወይዘሮ መልሱልኝ ሲነሱ፣ «ሲቀመጡበት ይጮኻል።»

ስምሪት ክፍል ሄደው ወደ መሪው መመለስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ኃላፊው መንዳታቸውን የሚፈትን ሰው አብሮ አስቀመጠላቸው። በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ በተጨናነቀው መንገድ፣ ከዳር እስከ ዳር ነዱ። ፈታኙ ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እሳቸው የሚነዱት አውቶቡስ እሱ ሰፈር የሚደርሰው በስንት ሰዓት እንደሆነ።

ታናሽየዋ በእረፍት ቀኗ ጉዳይ ነበራትና በእህቷ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀመጠች። በሁለተኛው ፌርማታ ወርቅማ መነጽር ያደረጉ ሴት ገቡ፤ በጋዜጣ ፊታቸውን ያራግባሉ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ቀይ መብራት ላይ ወይዘሮ መልሱልኝ በመስታወቱ አዩዋቸው።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» አሏቸው።

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «ማን ነገረዎት?»

«ጋዜጣው። እኔ የምቀባውን አልነግርዎትም፤ ለርስዎ ላይሆን ይችላል። ልክዎን የምትፈልግልዎትን ሐኪም ግን እነግርዎታለሁ። ካልተስማማዎት ደግሞ ተመልሰው ይግቡ፤ ዝም ብለው እንዳይጥሉት።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ወንበር ሌላ ሴት «ሐኪሟ የት ናት ያሉት?» ብላ ጠየቀች፤ ከአጠገቧ ያለችውም አንገቷን አሰገገች። እቴቴ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ አድራሻውን ከፍ ባለ ድምፅ ለሁሉም ተናገሩ። ያን ግዙፍ አውቶቡስ በአንድ እጃቸው መዳፍ አሽከርክረው፣ ከቆመ የጭነት መኪናና ከግድግዳ መሃል አሾልከው፣ ዳገቱን ተያያዙት። ታናሽየዋ የምትወርድበት ፌርማታ ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አልተነሳችም። ጉዳይዋን ለሌላ ቀን አለችውና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አመቻችታ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እህቷ ሲነዱ አየች።