ነፍሱ አልወጣ ያለው ዓሣ

ሰይጣን ድሮ ጨዋ ነበር። አድራሻ ነበረው፤ ከትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ይቀመጣል፣ የፈራ ዞሮ፣ ያልፈራ አማትቦ ያልፋል። ዛሬ ግን ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ይገባል። ኔትወርክ ከጠፋም ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ድረስ ወጥተን፣ ስልካችንን ወደ ሰማይ አንስተን እንቀበለዋለን። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ተብሎ ነበር፤ እኛ መላውን ትተን ወሬ እንጨምርበታለን። እናንተም አትሳቁ፤ ባለፈው ሳምንት ለዘመድ አዝማድ ምን እንደላካችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ዓሣ ጠብሼ የምኖር ሴት ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን የተማርኩት ለመጠቅለያ ከገዛሁት ጋዜጣና ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ከአባያ ሐይቅ ወጥቶ ወዲያው የተበለተ ዓሣ ጨው ሲነካው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ሥጋው ገና ትኩስ ስለሆነ ነው። ለእኔ ኩራቴ ነው፤ እንግዳ ፊት ጨው ነስንሼ፣ ሥጋው ብርክ ሲይዘው አሳይቼ ነው የምጠብሰው። በረዶ ውስጥ የከረመ ዓሣ አይጨፍርም።

አንድ ቀን ተማሪዎች መጡ። ጨው ነሰነስኩ፤ ሥጋው ዘለለ። አንዷ ልትቀርጽ ስልኳን ደግና፣ «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ነገር ሞቷል?» አለችኝ።

ይህ አፌ! «የት ይሞታል! ነፍሱ አልወጣ ብላ ታስቸግረኛለች። ትናንት የበላው ሰውዬም እስካሁን እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ተሳሳቅን። ዓሣውን በልተው፣ ጣታቸውን ልሰው ሄዱ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በማግስቱ ከቪዲዮው ላይ ሳቃችን ተቆርጦ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ «ባለ ዓሣ ቤቷ አመነች! ጋኔን የገባበት ዓሣ» ተብሎ ከተማውን ዞረ። ከሥሩ አስተያየት ከሚጽፈው ግማሹ ጋኔን ነው ይላል፤ ግማሹ ሐይቁ ውስጥ ኬሚካል ተደፍቷል ይላል፤ አንድ አስታራቂ ደግሞ ጋኔኑ ኬሚካሉን ጠጥቶ ነው አለ። ያ ሰውዬም ሞተ። እኔ የፈጠርኩትን ሰው እነሱ ቀበሩት።

አራት ቀን ደጄን የረገጠ የለም። የሚያልፈውም መንገድ ተሻግሮ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩበትን ቤት ልዘጋ በሩን ስስብ፣ ከመንገዱ ማዶ ሙዝ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ የታደለች እናት፣ መጣች። የጨንቻ ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። በርጩማ ከውስጥ አወጣችና ሁሉ በሚያይበት መንገድ ዳር ተቀመጠች።

«ያንን የሚጨፍረውን አምጪ። እዚሁ ጥበሺ።»

ዓሣ አጥማጁ ጠዋት በይሉኝታ ያመጣልኝ አንድ ዓሣ ነበረኝ። እንደ ልማዴ ጨው ነሰነስኩ፤ ሥጋው ዘለለ። ባጃጆች ቆሙ፤ እሷ ስትወድቅ ሊያይ ሰው ተሰበሰበ። እሷ እሾሁን እየለቀመች ትበላለች። የሰው ሞት ቆመው ሲጠብቁ ይርባል ለካ፤ አንዱ ባለ ባጃጅ ምራቁን ውጦ፣ «እትዬ፣ እሷ ምንም ካልሆነች ለእኔም ይታዘዝልኝ» አለ። ከዚያ ሌላ ዓሣ እንዲያመጣ ዓሣ አጥማጁን በስልክ ጠራሁት፤ ከሰሉም እስኪመሽ አልጠፋም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ጎንበስ ብዬ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት።

«አምና» አለች ቀና ሳትል፣ «ሙዝ በመርፌ ደም እየተወጋ ነው የሚለውን ለማኅበራችን ሰው ሁሉ የላክሽው አንቺ ነሽ። ሙዜ ጠቁሮ ለፍየል ሰጠሁት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ዓሣሽ ደህና እንደሆነ ስለማውቅ ነዋ። ሙዜም ደህና እንደነበረ አንቺ ታውቂ ነበር። ሎሚ አምጪ።»

እግዜርን በየማለዳው አመሰግናለሁ፤ እሱ ሰማይ ላይ ስለሆነ አይከብድም። እሷ ግን ማዶ ናት። ይቅርታ እንደ ወሬ በአንድ ጣት ለሁሉ አይላክም፤ በእግር ሄደው፣ ዓይን እያዩ የሚሉት ነገር ነው። ያቺን መንገድ ለመሻገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ደርሼም፣ «እስቲ ሙዝ መዝኚልኝ» ብዬ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ የመጣሽበትን ተናገሪ» አለችኝ፤ «ሙዙ ይደርሳል።»

ተናገርኩ። ሙዙን መዘነችና አንድ ለምርቃት ጨመረችበት።