የባከነውን ክፍለ ጊዜ ያስመለሰው ዐቢይ ኮሚቴ

ርዕሰ መምህራችንን አመስግኜ አልጠግብም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመኔ በእጃቸው ሳይነኩ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀጥ አድርጎ መምራት ቀልድ አይደለም። ክፍል ገብቶ ማስተማርማ የማንም ሥራ ነው፤ እኔም እንኳ እችለዋለሁ። እሳቸው ግን መሪ ናቸው። ይህንንም ራሳቸው ናቸው የነገሩን፣ በስብሰባ ላይ፣ ደጋግመው።

እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ሠላሳ ስምንት ልጆች ነበሩኝ። ዓመቱ እንደ ተጀመረ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ሰኔ ላይ ገምጋሚዎች መጥተው ልጆቹን ያስነብባሉ፤ ማንበብ ያቃተው ክፍሉን ይደግማል ይላል። ልጆቼ ገና ፊደል ቆጥረው አልጨረሱም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ በዚያው ዕለት ስብሰባ ጠሩ።

«የተከበራችሁ መምህራን!» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ባደረግነው ጥልቅ ዳሰሳ መሠረት ልጆቻችን ማንበብ ያቃታቸው ክፍለ ጊዜ ስለሚባክን ነው። ስለሆነም ሁላችንንም ያቀፈ የባከነ ክፍለ ጊዜ አስመላሽ ዐቢይ ኮሚቴ ከዛሬ ጀምሮ ተቋቁሟል። በየቀኑ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይሰበሰባል።»

«ጋሼ፣» አልኩ እጄን አውጥቼ፣ «እኛ እዚህ ስንሰበሰብ ልጆቹን ማን ያስተምራቸዋል?»

«ግሩም ጥያቄ!» አሉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «አጀንዳ አድርገሽ ያዢው።»

ጥያቄዬ አጀንዳ ቁጥር አሥራ አራት ሆነ። እስከ ዛሬ ስድስት ላይ ነን።

ኮሚቴው አልሠራም የሚል ካለ ውሸታም ነው። የመጀመሪያውን ወር «አስመላሽ» ይባል ወይስ «ተከላካይ» በሚለው ላይ ተፋጨን። ሁለተኛውን ወር የመጀመሪያውን ወር ቃለ ጉባኤ አጸደቅን። አንድ ቀን የሒሳቡ መምህር የባከነውን ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ አስልቶ መጣ፤ ከባከነው ውስጥ አብዛኛው የባከነው በኮሚቴው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርቱን በጭብጨባ ተቀበሉና ነገሩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ። የሒሳቡ መምህርም ሰብሳቢ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁጥር ከአፉ አልወጣም።

እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የልጆቼን ጫጫታ እሰማለሁ። እንዳልነሳ፣ «ያለ ፈቃድ ከስብሰባ መውጣት» የሚል ወረቀት ማኅደሬ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቶልኛል፤ ሦስተኛው ከሥራ ያስባርራል።

አንድ ማክሰኞ ጫጫታው ድንገት ቆመ። ልጅ ዝም ካለ አንድ ጥፋት አለ ብዬ ክው አልኩ። መጸዳጃ ቤት ብዬ አስፈቀድኩና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መጥረጊያቸውን ገልብጠው ይዘው፣ በእንጨቱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል እየጠቆሙ ያስቆጥራሉ። ሠላሳ ስምንቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይከተሏቸዋል።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ልጠርግ ስገባ ዴስክ ለዴስክ ይዘላሉ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው፤ የማውቃትን ታህል ላሳያቸው ብዬ ነው። ከፋሽ እንዴ?»

«ኧረ እግርዎን ልሳም!» አልኩና ጠመኔውን አስጨብጫቸው ወደ ስብሰባዬ ተመለስኩ። ከዚያን ቀን ወዲያ ልቤ አረፈ። እንዲያውም አልፎ አልፎ ገንቢ አስተያየት መስጠት ጀመርኩ።

ሰኔ ደረሰና ገምጋሚዎቹ መጡ። ልጆቼ አነበቡ። ሠላሳ ስምንቱም፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ እንደ ውኃ አንበለበሉት። እንባዬ መጣ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማራቸው?» አለች የገምጋሚዎቹ አለቃ።

«ዐቢይ ኮሚቴያችን ባደረገው ያላሰለሰ...» ብለው ርዕሰ መምህሩ ሲጀምሩ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እትዬ!» ብለው በሩ ላይ ባልዲ ይዘው ወደ ቆሙት ሴት ጠቆሙ።

አለቀላቸው አልኩ በሆዴ። አይ የኔ ነገር! ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ።

«ይኸው! ኮሚቴያችን ባለድርሻ አካላትን እስከ ጽዳት ክፍል ድረስ ማሳተፉን በዓይናችሁ አያችሁ!»

ገምጋሚዎቹ አጨበጨቡ። የእትዬ ተሞክሮ ተቀምሮ በትምህርት ቤቱ በሙሉ እንዲስፋፋ አዘዙ፤ ለርዕሰ መምህሩም የአርአያ መሪነት የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እሳቸውም አደራ አይበሉም፤ እትዬን በደብዳቤ የዐቢይ ኮሚቴው ሙሉ አባል አደረጓቸው።

አዲሱ ዓመት ገባ። አርባ አንድ አዳዲስ ልጆች ተቀበልኩ፤ አንዳቸውም የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል እንኳ አያውቁም። በመጀመሪያው ሰኞ እንደ ልማዴ ደብተሬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ «የተከበራችሁ...» ማለት ሲጀምሩ የክፍሌ ጩኸት ግቢውን አናጋው። ዞር ስል እትዬ ታጥበው ተተኩሰው፣ ደረታቸው ላይ የአባልነት ባጅ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ደሜ ፈላ።

«እትዬ! እዚህ ምን ይሠራሉ? ልጆቹን ለማን ጥለው መጡ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«እኔማ ጠራጊ ነኝ ልጄ፣» አሉኝ ረጋ ብለው። «አስተማሪያቸውስ የት ሄዳ ነው?»