አበረ ዲግሪ

«ትንሽ ፈቀቅ በል» ሲሉት «ምን ያህል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የወረታው አበረ ነበር። አልጋው ወደ ምሥራቅ ቀጥ እስኪል ሚስቱን ጥሩብርሃንን ከነፍራሿ ሲያዞራት ይውላል፤ «ሦስት ዲግሪ ይቀረዋል!» እያለ። ከተማው «አበረ ዲግሪ» አለው። አዲሱ ካድሬ ስሙን ሰምቶ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ መስሎት፣ የመሠረተ ትምህርት በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ ጋብዞት ነበር። አበረ ግን የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ እየተነሣች አንበጣና ግሪሳ የምታስሰውን ትንሽ አውሮፕላን ይጠግናል።

በዚያ ነሐሴ ወንዞቹ ርብም ጉማራም ሞልተው መንገዱን ቆረጡት። የጥሩብርሃን ታናሽ እህት ገላነሽ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሜዳው አመጧት። ባሕር ዳር ሆስፒታል የሚያደርሳት ከአውሮፕላኗ በቀር ምንም አልነበረም።

አበረ ክንፉ ሥር ቆሞ «አትነሣም» አለ። ሰሞኑን አዲስ ሬዲዮ ተገጥሞላት፣ የሬዲዮው ብረት ኮምፓሱን ስቦ አሳስቶታል።

«ጓድ አበረ፣ ባሕር ዳር እኮ እዚህ ነው! ሐይቁን ይዞ መሄድ ነው» አለ ካድሬው።

«ሐይቁ የታለ?» ደመናው ሜዳውን ተጭኖታል። «አብራሪው እዚያ ውስጥ ሲገባ ከኮምፓሱ በቀር የሚያየው የለም። ሃያ ዲግሪ ስቷል። ተራራ ላይ ነው የሚወስዳቸው።»

አብራሪው ካሴ አንገቱን ደፋ። ጥሩብርሃን ባሏ እግር ላይ ወደቀች።

«በማርያም! እህቴ ናት እኮ!»

«ለእሷው ብዬ ነው። በአራቱም አቅጣጫ እያዞርን ኮምፓሱን እናርመው» አለ።

ቃሬዛውን የተሸከሙት ገበሬዎች ጅራቷን ይዘው አውሮፕላኗን በጭቃው ውስጥ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ አዞሯት። አበረ በየአቅጣጫው የኮምፓሱን ጥቃቅን ብሎኖች ያላላል፣ ያጠብቃል፤ አልስተካከል ያለውን ስሕተት አብራሪው እንዲያየው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ወደ ምዕራብ ሲያዞሯት ሕፃኑ ተወለደ። አላለቀሰም። አበረ ከኮምፓሱ ቀና ሳይል ጨረሰና «ሂዱ» አለ። ደም የሚፈሳትን ገላነሽን ጭነው ተነሡ፤ ደመናው ዋጣቸው።

ገላነሽ ዳነች። መንገዱ ሲከፈት ስትመለስ ሰፈሩ አበረን ሲረግም ደረሰች።

«ምድር አይታይም ነበር» አለቻቸው። «ካሴ ፊቱ ካለችው ከዚያች ክብ ነገር ዓይኑን አልነቀለም።»

አበረን ግን ቀና ብላ አላየችውም። ጥሩብርሃንም እራቱን ታቀርብለታለች እንጂ አታናግረውም።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ወዴት እንደሚጠፋ ለማየት ተከተለችው። ሕፃኑ ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ረግረጉ ዳር ነበር የተቀበረው። አበረ ጎርፉ እንዳይወስደው ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራል። ዶማውን ባነሣ ቁጥር ውሃው የቆፈረውን መልሶ ይሞላበታል።

 ጥሩብርሃን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ገባች።

«ብቻህን አትችለውም» አለችና ዶማውን ተቀበለችው። አበረ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይዝቅላት ጀመር።