ደቦን ለማስቀረት የተደረገ ርብርብ

በሱሉልታ ፍትሕ ጠፍታለች የሚል ካለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ጎራ ይበል። መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎባታል። እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ «ያለ በደል የተመረተ» የሚለው ማኅተም በእጄ ነው። ይህ ማኅተም የሌለበት ስጋጃ ላይ የውጭ ገዢ እግሩን አያሳርፍም።

አደ ዱርሲቱ ይህንኑ ፈልገው ዓርብ ዕለት መጡ። እሳቸውና ስምንት ጎረቤቶቻቸው የበግ ጸጉር አጥበውና ፈትለው ስጋጃ ይሠራሉ። ዓመት ሙሉ የደከሙበትን የሚወስደው መኪና ሰኞ ጠዋት ይደርሳል፤ ማኅተም ካላገኘ ባዶውን ይመለሳል። ኃላፊያችን ኦቦ ጋሮማ፣ ፍትሕ የምትወለደው ከቅጽ መሆኑን ቀድመው የተረዱ ታላቅ ሰው፣ ምርመራውን ራሳቸው መሩት።

«ጸጉሩን ማን ያጥበዋል?»

«በደቦ ነዋ! ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ ድንቅቱ ቤት።»

«የቅጥር ውል አላችሁ?»

«ከድንቅቱ ጋር? አበልጄ እኮ ናት!»

«ደመወዝስ?»

«ቆሎ አለ፣ ጠላ አለ፣ ጨዋታ አለ።»

ኦቦ ጋሮማ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቱ፣ ይሄ እኮ የጉልበት ብዝበዛ ነው! በዚያ ላይ በመጠጥ!»

«ማን ማንን በዘበዘ ልጄ?»

«ሁላችሁም ሁላችሁንም።»

ውሳኔው ወዲያው ተሰጠ። ደቦ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ እያንዳንዷ ሴት ስምንቱን ትቅጠር፣ በስምንቱም ትቀጠር፤ ሰባ ሁለት የሥራ ውል በሦስት በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አደ ዱርሲቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ፤ በሁለት ቀን ይህን ሁሉ ማን ይጽፍላቸዋል?

ኦቦ ጋሮማ ግን የሕዝብ አገልጋይ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛው ሁሉ እንዲገባ አዘዙ። ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ብጠይቃቸው «ፍትሕ በሰዓት አትለካም» አሉኝ። ሹፌሩ ሳይቀር ገባ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያባዛል፣ አንዱ ይጠርዛል። እሑድ ቀትር ላይ ሴቶቹ ቆሎና ጠላ ይዘው ደረሱ። ጥበቃው ዘፈን አወጣ፤ እኛም እየተቀበልን አደመቅነው። ሰባ ሁለተኛው ውል ሲያልቅ እልልታው ከግቢ ውጭ ተሰማ። ማኅተሙን አወጣሁ፤ በእያንዳንዱ ስጋጃ መለያ ላይ አሳረፍኩ።

አደ ዱርሲቱ ሠራተኛውን በዓይናቸው ቆጠሩና «ልጄ ጋሮማ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይከፈለዋል?» አሉ።

«ምንም! ዛሬ እኛ እናንተን ብናግዝ፣ ነገ ደግሞ እናንተ…» ኦቦ ጋሮማ የያዙትን የጠላ ብርጭቆ ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሸሸጉት።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ስጋጃውን ጭኖ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዘጠኙ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢሮ ገቡ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ!» አሉ አደ ዱርሲቱ። «የደቦ ውለታ በልተን ዝም አንልም። ተራው የእናንተ ነው፤ ምን እንሥራላችሁ?»

ኦቦ ጋሮማ እኔን አዩ፤ እኔ ጥበቃውን አየሁት። ከዚያ ሁላችንም ተነስተን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሥራ መፈለግ ጀመርን። እስከ ምሳ ሰዓት ፈልገን አጣን።