የአማች ስልክ በኮምፒውተር ሲፈለግ

ሰው የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ አይታችኋል? ቤቱን ይገለብጣል፣ ልጆቹን ያስለቅሳል፣ ጎረቤት ይጠረጥራል። «የት ላይ ነበር የሚቀመጠው?» ብሎ የሚጀምር የለም። እኔ ግን ቡታጅራ ውስጥ አንዲት ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ ኮምፒውተር ራሴን በራሴ ሳስተምር፣ የዚህን በሽታ መድኃኒት አገኘሁ። መጠይቅ ይባላል፤ ኮምፒውተሩን «ይህን ብቻ ፈልገህ አምጣ» ብሎ ማዘዝ ነው! ቆይ፣ አትሽሹ፤ ቀላል ነው።

የበርበሬ ጆንያ አስቡ። በርበሬው ውስጥ ነው፤ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት ግን አፉ ላይ ይታሰራል። ኤክስኤምኤል የሚሉት ፋይልም እንዲሁ ነው፤ ጆንያም አለው፣ የሚታሰር ወረቀትም አለው። ወረቀቱን ለማንበብ በርበሬውን መዘርገፍ ምን አመጣው? ኢሜይል ላይ የምናውቃትን ያቺን ጅራታም ምልክት ጣል ማድረግ ነው፦ //ሰው/@ስልክ። የሰው ሁሉ ስልክ ከች!

ይህን የማሳየው ሰው አጥቼ ስቁነጠነጥ፣ በርበሬ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ እያለከለኩ ገቡ። ሞባይላቸው ከነሲሙ ጉድጓድ ገብቷል። ነገ ደግሞ ከበርበሬ አገሩ ከቆሼ ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ታላቅ ወንድማቸው ሳይቀመጡ ልጅ አይሰጥም፤ ወንድምየው ደግሞ ከወልቂጤ አልተመለሱም።

«ለሳምንት ይሁን ካላልኳቸው ከደጄ ሊመለሱ ነው፤ ተዋረድኩ! የልጁን አባት፣ ከድርን፣ ፈልግልኝ።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! በቅርቡ ሞባይላቸው ላይ የነበሩትን ስልክ ቁጥሮች ወደ ኮምፒውተሬ የገለበጥኩት በዚሁ ዓይነት ፋይል ነበር። «ስሙ ከድር የሆነውን ሰው ስልክ አምጣ» የሚል መጠይቅ ጻፍኩ። ባዶ።

«ሐጂ፣ ምን ብለው ነው የመዘገቡት?»

«ምን ልበለው ታዲያ? ቆሼ በርበሬ ነዋ!»

ለካ ነጋዴ ደንበኛውን የሚመዘግበው በአገሩና በዕቃው ነው፤ የአገናው «አገና ቆጮ»፣ የቆሼው «ቆሼ በርበሬ»። መጠይቁን አስተካከልኩ። ስክሪኑ በቁጥር ተጥለቀለቀ! የቆሼ በርበሬ ነጋዴ ሁሉ ስሙ አንድ ነው። እኔ ጮቤ ረገጥኩ፤ ሐጂን ላብ አጠመቃቸው።

በእኔ ስልክ በተራ መደወል ያዙ። ከጥድፊያቸው ብዛት ማን እንዳነሳ እንኳን አይጠይቁም። «አሰላሙ አለይኩም፣ የልጄ ጉዳይ ለሳምንት ይሁን!»

«ማሻአላህ! ልጅቷ ደረሰች? እንዴታ፣ እንመጣለን!» ይላል ያነሳው ሁሉ።

ከድር የተገኘው መጨረሻ ላይ ነው። «ችግር የለም ሐጂ፣ ለሳምንት ያድርሰን» አለ። ሐጂ ተነፈሱ። የቆሼ ገበያ በሙሉ ግን ተጠርቷል፤ ለሽማግሌዎቹ የተገዛው አንድ በሬ ለማን ሊደርስ ነው?

«አንተ ልጅ፣ ይኼ መጠይቅህ ሰው መቀነስስ አይችልም?»

«ይችላል እንጂ!» ብዬ ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩ። «ከድርን አስቀርቶ ሌላውን ማስወጣት እኮ በጣም ቀላል ነው፤ ብቻ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም...»

ቀና ስል ሐጂ የሉም። ሁለተኛ በሬ ሊገዙ ወጥተዋል።